ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ

ሌላው ሰው የሚወዳትን ሴት «ደህና ዋልሽ?» ለማለት አፉን መክፈት ይበቃዋል። እሱ ግን ይህችኑ ቃል ለማድረስ መጀመሪያ የወደቡን ኩርባ ግድግዳ ሳይነካ ማለፍ ነበረበት። ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ በደጉ ጊዜ እሱም ይስቅ ነበር።

ሥራው ሹፌርነት ነው፤ የከተማ አውቶቡስ። የመስመሩ መጨረሻ አንድ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ሕንጻ ፊት ለፊት ስለሆነ አሥር ሰዓት ላይ አውቶቡሱን እዚያ ያቆምና ሃያ አምስት ደቂቃ ያርፋል። በሕንጻው ምድር ቤት የጨዋታ ቤት አለ፤ በሦስተኛው ፎቅ ደግሞ መነጽር ቤት። እሷ የምትሠራው መነጽር ቤቱ ውስጥ ነው። ሌንስ ትሞርዳለች፣ ፍሬም ታጠብቃለች፣ የሰው አፍንጫና ጆሮ እያየች መነጽር ታስተካክላለች። በጨዋታ ቤቱ «ጠጠር» ይሏታል። ትንሽ ናት፤ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር አንዴ ከገባች አታስረግጥም። እሱን «ፍሬን» ይሉታል። ይህን ስም ያወጣችለት ራሷ ናት።

የተዋወቁት ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። እሱ ዝናብ አባሮት ጨዋታ ቤቱ ገባና ጥግ ላይ ካለው የመኪና ውድድር ማሽን ላይ ተቀመጠ። መሪ አለው፣ ነዳጅ መስጫና ፍሬን አለው፣ መቀመጫውም እውነተኛ የመኪና መቀመጫ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው በዚህ ያፍራል ብሎ ማን ያስባል? ግን አፈረ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀስ አድርጎ ፍሬን ይይዛል፣ በሰፊው ይታጠፋል፣ መስታወት ያያል። ሌሎቹ መኪኖች ጎማቸውን እያስጮሁ በጎኑ ሲያልፉ እሱ መንገድ ይለቅላቸዋል። መጨረሻ ወጣ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣» አለች አንዲት ሴት ከኋላው፣ «ተሳፋሪ ጭነሃል እንዴ?»

«ለምን?»

«ኩርባው ላይ አዛውንት እንዳይወድቁብህ የምትጠነቀቅ ትመስላለህ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሹፌር ነኝ።»

«የደንብ ልብስህ ነግሮኛል። እዚህ ግን የሚወድቅ ሰው የለም። እስኪ ተነስ አንዴ።»

ተነሳላት። እሷ ተቀምጣ ስትነዳ ያየው መኪናውን አልነበረም፤ እጆቿን ነበር። ሌንስ እንደሚይዙ እጆች መሪውን በጣት ጫፍ ይነኩታል። የጨዋታው ክፉ ቦታ፣ የወደቡ ኩርባ ላይ ስትደርስ መኪናው ጀርባውን ጥሎ እንደ ሳሙና ተንሸራተተና አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ተገኘ። እሱ ሳይታወቀው ትንፋሹን ይዞ ነበር።

«ፍሬን የሚነካው ለመቆም አይደለም፣» አለችው በሚቀጥለው ቀን፣ በሚቀጥለውም ሳምንት፣ ትዕግሥቷ ሳያልቅ። «ጀርባውን ለማስለቀቅ ነው። ነካ፣ ለቀቅ። መሪውን ወደ ውስጥ ስጠው። ጀርባው ሲሄድብህ ደግሞ ወደ ተቃራኒው መልስ። ነዳጅ አትልቀቅ፤ ካልተንሸራተትክ ይህ ሰማያዊ መስመር አይሞላልህም፣ ካልሞላ ደግሞ የሚያስፈነጥርህ ጉልበት የለህም።»

«ግድግዳው እየመጣብኝ ነዳጅ ልስጥ?»

«ግድግዳውን ማን እይ አለህ? መኪና ዓይንህ ያረፈበት ነው የሚሄደው። መውጫውን እይ።»

እሱ ግን መውጫውን ሳይሆን እሷን ያይ ነበር። እሷም አወቀች፤ ያወቀች ቀን ትከሻው ላይ የነበረ እጇን አላነሳችም። ሁለቱም ስለ ኩርባው ማውራት ያቆሙት ያን ቀን ነው።

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ወሬው ሲደርሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው ይባላል፤ «ልጄ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች ሊሉኝ ነው?» ከዚያ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ሐኪም ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን፣ ሽቦው ሁሉ ከደረታቸው ላይ ሳይነሳ፣ እጇን ይዘው አስማሏት። በስልክ ላታናግረው፣ ደብዳቤ ላትልክለት፣ ፊቱን ላታይ። ማለች። የዳኛ ልጅ ናትና የገባችውን ቃል እንደ ሕግ አንቀጽ ትይዘዋለች፤ አንድ ፊደል አትጨምርበትም፣ አትቀንስበትም። መማሏን ለእሱ የነገረችው የምሳ ጓደኛዋ ናት፤ ሰምቶ ሲወጣ ደረጃው ጠፍቶት ግድግዳ ተደግፎ ወረደ። ከዚያ ወዲህ እሷ ወደ ጨዋታ ቤቱ የምትወርደው በሰባት ሰዓት የምሳ ዕረፍቷ ሆነ፣ የእሱ ሰዓት ደግሞ አሥር ነው። በመካከላቸው ሦስት ሰዓትና አንድ መሐላ ተቀመጠ።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ካለፈ በኋላ ነበር። እሱ ለመጫወት ልብ አልነበረውም፤ እሷ ትቀመጥበት የነበረውን መቀመጫ ለማየት ብቻ ገባ። ማሽኑ ማንም ሳይነካው ሲቀር የአሥሩን ፈጣኖች ሰሌዳ ያሳያል፤ አንደኛ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሌ እያለ። የገባ ሰው የፈለገውን ስም ይጽፋል፣ ሰባት ፊደል ድረስ። በየእሁዱ ሌሊት የተጻፈው ይጠፋና ማሽኑ ይዞት የመጣው የፋብሪካ ሰሌዳ ይመለሳል። ሦስተኛው መስመር ላይ «ጠጠር» መኖር ነበረበት። አልነበረም። «ደህናነህ» ይላል።

ስልክ አይደለም። ደብዳቤ አይደለም። ፊትም አይደለም። አባቷ ይህን አላስማሏትም፤ ማንስ ያስበዋል? ሳቁና እንባው አብረው መጡበት።

«ደህና ነኝ» ማለት ፈለገ። ነገር ግን ሰሌዳው አሥር ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ የእሱ ምርጥ ሰዓት ደግሞ ከአሥረኛው በአሥራ አንድ ሰከንድ ይዘገያል። በውድድር አሥራ አንድ ሰከንድ ማለት አገር ነው። አፍ የሌለው ሰው ሆኖ ማሽኑ ፊት ቆመ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እህቱ ብትነግራችሁ ይሻላል፤ እብደቱን ያየችው እሷ ናት። ማታ ማታ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ትሪ በሁለት እጁ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ሁለት ጫማ እየረገጠ፣ «ነካ፣ ለቀቅ፣ መልስ» ሲል ታገኘዋለች።

«ወንድም ዓለም፣ የትሪው ነገር ወዴት እያደረሰህ ነው?» ትለዋለች።

«ወደቡ ጋ ደርሻለሁ።»

«በሰላም ተመለስ እንግዲህ፣ ትሪውን እራት ላቀርብበት ነው።»

አሥራ አንዱ ሰከንድ ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኙ ስድስት ሆነ። ስድስት ላይ አንድ ወር ሙሉ ተቸነከረ፤ የወደቡ ኩርባ ላይ እግሩ በገዛ ፈቃዱ ፍሬኑን ይረግጠዋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ተሳፋሪ ሁሉ ከኋላው የተቀመጠ ይመስለዋል፤ እርጉዟ፣ ምርኩዝ የያዙት ሰውዬ። እግሩን ለማሳመን ከልቡ ይልቅ ረጅም ጊዜ ፈጀበት። በሦስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ አሥረኛ ገባ። «አለሁ» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ሲመጣ አራተኛ ላይ «ተመስገን» የሚል ቃል ቆሞ ጠበቀው። ያን ቀን አውቶቡሱን ሲነዳ ለሚወርድ ለሚሳፈረው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» ይል ነበር፤ ሰው ምን ነካው ብሎ ያየዋል።

እንዲህ እየተባባሉ አራት ወር ከረሙ። እሷ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ትችል ነበር። ሰሌዳው በፍጥነት ስለሚደረድር የመጀመሪያውን ቃል በጣም ፈጥና፣ ሁለተኛውን ጥቂት ዘግይታ፣ ሦስተኛውን ከዚያም ዘግይታ ትነዳለች፤ ቃላቱ በተራቸው ይቆማሉ። እሱ ይህ አልሆነለትም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ፍጥነትን መመጠን የሚችለው ኩርባውን የጨረሰ ሰው ነው። ሁለት ቃል በጻፈ ቁጥር ይገለበጥበታል፤ እሷ በማግሥቱ «አሳቅከኝ» ብላ ትጽፍለታለች። ሕልሙ አንድ ነበር፤ አንድ ቀን እንደ እሷ፣ ሙሉ ሐሳብ፣ በተራው።

ይህ ሕልም የደረሰው ዓርብ ነው። ዓርብ ባይደርስ ምን ነበረበት!

ያን ዕለት መንገድ ተዘጋግቶ አውቶቡሱ የመጨረሻው ማቆሚያ ሲደርስ ከዕረፍቱ ስምንት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሮጦ ገባ። የጨዋታ ቤቱን ማሽኖች የሚጠግኑት ጋሼ ሽቦ የአንዱን ሆድ ከፍተው ጭንቅላታቸውን ውስጡ ከተዋል። ከመኪናው ማሽን ላይ አንድ ተማሪ እየተነሳ ነበር፤ መስኮቱ «ቀጣይ ተወዳዳሪ» እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁልጊዜ ቆሞ፣ ማሽኑ አርፎ ሰሌዳው እስኪወጣ ጠብቆ፣ አንብቦ ነበር የሚቀመጠው። ዓርብ ግን ሳይጠብቅ ተቀመጠ።

ድልድዩን አለፈ። መተላለፊያውን አለፈ። ወደቡ ጋ ሲደርስ ማንም ከኋላው አልተቀመጠም፤ እግሩ ነካ አደረገና ለቀቀ፣ ጀርባው ሄደ፣ እጁ መለሰው፣ ዓይኑ መውጫው ላይ ነበር። ግድግዳው በጥፍር ርቀት አልፎት ሄደ። ሦስተኛ! «እስከመቼም» ብሎ ጻፈ። ደግሞ ነዳ፤ ሆነ ብሎ ኩርባው ላይ አንድ ትንፋሽ አዘገየ። አራተኛ። «ቢሆን»። ደግሞ ነዳ። አምስተኛ። «እጠብቅሻለሁ»። በተራው ቆመለት። ማሽኑ ውድድር ሲያልቅ የሚያሳየው የተወዳዳሪውን መስመርና ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። እሱም ከዚያ በላይ ለማየት ጊዜ አልነበረውም፤ ደስታ እንደ ልጅ እያስፈነጠዘው ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።

ቅዳሜ በሌላ መስመር ዋለ። እሁድ ዕረፍቱ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያፏጨ የደንብ ልብሱን ሲተኩስ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ እሁድ ቀለል ብሎት አያውቅም።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ማሽኑ አርፎ አገኘው። አንደኛው መስመር ላይ፣ በማሽኑ ታሪክ ማንም ነድቶት በማያውቅ ፍጥነት፣ «ቃሌንሰጠሁ» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ጊዜ አነበበው። ለማን? ምን ቃል? ወደ ጋሼ ሽቦ ዞረ።

«ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት ነው?»

ጋሼ ሽቦ መበየጃቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «እኔን ትጠይቃለህ? ዓርብ የመለስክላት አንተ!»

«የምን መልስ?»

«ለጻፈችው ነዋ።»

«ዓርብ ምን ጻፈች?»

ሰውዬው ፊቱን አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ደግሞ አዩት። «አላነበብከውም?» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «ሰባት ሰዓት ላይ መጥታ ሦስት መስመር ጻፈች። እጇ እየተንቀጠቀጠ እንደ ልማዷ አልሆነላትም፤ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ ነው የገባችው። መስተዋቱን ስወለውል አነበብኩት። ‹እሁድ፣ ቤታችን፣ ና› ይላል።»

ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ። ከላይ ሦስት ሲገባ ከታች ሦስት ይወጣል። ለዚህ ስሌት ሊቅ አያሻም።

«ምነው ያኔ ቢነግሩኝ ጋሼ!»

«ጭንቅላቴ ማሽን ውስጥ ነበር። ደግሞስ የሰው ደብዳቤ አነበብኩ ብዬ ላውራ? አንተ ሳታነብ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን ብቻ። በገዛ እጁ፣ በለመነው ችሎታ፣ በሕይወቱ ምርጥ ሦስት ዙር ጠርቶት የነበረውን አፍ ዘጋው። መሬቱ ቢከፈትለት በገባ ነበር።

እሱ የማለው ነገር አልነበረም። የማለችው እሷ ናት፤ እሱ ግን መሐላዋን አክብሮ ሰባት ወር ሙሉ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቀና ብሎ አላየም። ያን ዕለት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

መነጽር ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ሌንስ በጨርቅ ትወለውላለች። ፊት ለፊቷ ያለው ግድግዳ ግን መስታወት ነው፤ በግራም መስታወት፣ በቀኝም፣ ጠረጴዛው ላይም ትናንሽ መስታወቶች ቆመዋል። ሰው መነጽር ሲለካ ፊቱን በየአቅጣጫው እንዲያይ የተሰቀሉ ናቸው።

«እኔ ነኝ፣» አለ።

ዓይኖቿን ጨፈነች። እጅግ ፈጥና ጨፈነችና በመስታወቶቹ ሁሉ ውስጥ የተጨፈኑ ዓይኖቿን አየ። በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ፊቷ ይኼ ነው፤ ከስታለች።

«ፊትህን አላይም አልኩ እንጂ ድምፅህን አልሰማም አላልኩም፣» አለች። «እንደዚህ ሆኜ እሰማሃለሁ። ቶሎ ተናገር።»

«አላነበብኩትም።»

«ምኑን?»

«እሁድ ና ያልሽውን። ዓርብ ዘግይቼ መጣሁ፤ ሰሌዳውን ሳላይ ተቀመጥኩ። እጠብቅሻለሁ ያልኩት ላንቺ መልስ አልነበረም። የእኔ ሲገባ ያንቺ ወጣ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ጨርቁን የያዘ እጇ ቆመ።

«ስንተኛ ገባህ?»

«ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ።»

«በተራው?»

«በተራው።»

«ጎበዝ ሆነሃል፣» አለች። ከተጨፈኑት ዓይኖቿ እንባዋ ወረደ፤ በመስታወቱ ሁሉ ውስጥ ወረደ። «ወደቡን ሳትነካ አለፍከው በለኛ።»

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«እኔ ነኝ። እኔው በገዛ እጄ።» ሌንሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሳታይ በዳበሳ። «ቅዳሜ ሰሌዳውን ሳየው ምን እንደመሰለኝ ታውቃለህ? ና ስልህ ‹እጠብቅሻለሁ› አልከኝ። የአባቴን ደጅ ከመርገጥ ዕድሜህን ሙሉ ቆመህ መጠበቅ የመረጥክ መሰለኝ። ፈሪ አልኩህ። በልቤ ፈሪ ብዬ ሰደብኩህ።»

«አባትሽ ግን... እንዴት እሺ አሉ?»

«እሺ አላለም። ሐሙስ ማታ ‹ያ ሰው ቢወድሽ ኖሮ አንድ ቀን ደጄን ባንኳኳ ነበር› አለኝ። ‹ቢያንኳኳ ትከፍትለታለህ?› አልኩት። ‹እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ› አለ። ከዚህ በላይ ከእሱ አይወጣም፤ እኔ አውቀዋለሁ። በዚያው ዕለት ማታ ሊያገባኝ የጠየቀ የአንድ መሐንዲስ ቤተሰቦች ሊመጡ ቀጠሮ ነበራቸው። ‹ካልመጣ ግን ለእነሱ ቃል ትሰጫለሽ› አለኝ፤ እሺ አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ። እንደምትመጣ እንደ ስሜ እርግጠኛ ነበርኩ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ከረባት አሰረልህ። ከታመመ ወዲህ ከረባት አስሮ አያውቅም፤ ያንቀኛል ይላል። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀህ። አሥር ሰዓት ሲሆን ‹መንገድ ዘግቶበት ይሆናል፣ እሁድ አውቶቡስ ያንሳል› አለኝ። አባቴ ላንተ ሰበብ ፈለገልህ! አሥራ አንድ ሲሆን ከረባቱን ፈታና ምንም ሳይለኝ ወደ ጓዳ ገባ። ያን ጊዜ ያዘነው ለእኔ ነበር።»

እሱ የበሩን እጀታ ያዘ። «አሁን እሄዳለሁ። አሁኑኑ ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እንዳላነበብኩት።»

«የቱን? ‹ልጅዎ እያታለለችዎ ሰባት ወር በጨዋታ ማሽን ስትጽፍልኝ ኖራለች፤ የመጨረሻውን ሳላነብ አጠፋሁት› ብለህ? እሱ እኮ ቃሌን ጠብቄ የኖርኩ ነው የሚመስለው። ‹ልጄ ቃሏ ብረት ነው› እያለ ለሐኪሙ ሳይቀር ይነግራል። ያን ልብ እንደገና ልምታው?» በእጇ ጀርባ ጉንጯን ጠረገች። «ደግሞም ትናንት በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ሰውዬው ምንም አልበደለኝም።»

«አትወጂውም።»

«አልወደውም። ብወደው ይህን ያህል አልቀጣም።»

«እንግዲያው ዓይንሽን ግለጪ። አንዴ እዪኝ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ አድርጊኝ።»

ጨርቁን በዳበሳ አጣጥፋ ሌንሱ አጠገብ አስቀመጠች።

«ስማኝ፣» አለች። «እስከ አሥር እቆጥርና ዓይኔን እገልጣለሁ። ቆመህ ካገኘሁህ መሐላውም፣ ትናንት የሰጠሁት ቃልም ይቅር፤ ይህን ጋዋን አውልቄ አብሬህ እወርዳለሁ። አባዬ አንድ ነገር ቢሆን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ተሸክሜው እኖራለሁ። ከሄድክ ግን ዳግመኛ በዚህ በር አትምጣ። ምረጪ አትበለኝ፤ መምረጥ ደክሞኛል። አንተ ምረጥልኝ።»

«ይህን በእኔ ላይ አታድርጊ።»

«አንድ፣» አለች።

በመስታወቶቹ ውስጥ ያቺን ፊት አያት። እንድትገልጥ ፈለገ፤ በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም።

«ሁለት። ሦስት።»

ከረባት አስረው መስኮት አጠገብ የተቀመጡ ሰው ታዩት። «ተሸክሜው እኖራለሁ» ያለችው ቃል ደግሞ ጆሮው ላይ ቀረ። እሷ አንድ ነገር አደርጋለሁ ካለች ታደርጋለች፤ ተሸክሜ እኖራለሁ ካለችም ትሸከማለች። በየማለዳው አጠገቡ ስትነቃ ያን ሸክም ይዛ ትነቃለች። እሱስ ፊቷን እያየ እንዴት ይችለዋል? የወደዳት ለዚሁ ቃሏ ነው። ቃሏን አስጥሏት የሚወስዳት ሴት የትኛዋ ናት?

«አራት። አምስት።»

ሂድልኝ ብላ እየለመነችኝ ነው፣ አለ በልቡ። አፏ አልታዘዝ ብሏት ነው እንጂ ሂድልኝ ማለቷ ነው። ሰው የሚወደውን ከሸክም ካላዳነ መውደዱ ምኑ ላይ ነው?

«ስድስት።»

አንድ እግሩን ወደ ኋላ ወሰደ። ሌላውንም። የመስታወቱ በር እንዳይጮህ በሁለት እጁ ይዞ ገርበብ አድርጎ ተወው። «ሰባት» ስትል ኮሪደሩ ላይ ነበር። «ስምንት» ስትል የደረጃውን ብረት ይዞ መውረድ ጀመረ። እንባው ደረጃውን ስለጋረደበት እግሩን እየዳበሰ ያወርዳል። «ዘጠኝ» ከመምጣቱ በፊት ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ መጣ። «አሥር» ስትል ሁለተኛው ፎቅ ጋ ደርሶ ጆሮውን ሊደፍን እጁን አነሳ። አልቻለም።

«አሥራ አንድ፣» አለች።

ቆመ።

«አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።» ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ በደረጃው ክፍተት ይወርዳል። እየለቀሰች ነው የምትቆጥረው። ዓይኗን መግለጥ ፈርታለች፤ ባዶ ቤት እንዳታይ ፈርታለች። አሥር ብላ ቆማ ቢሆን ኖሮ፣ ሂድልኝ ማለቷ ነው ያለው ልቡ እውነቱን ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ በተጽናና ነበር። «አሥራ ዘጠኝ። ሃያ።» ሂድልኝ የምትል ሴት ሃያ አትደርስም። ቆይልኝ ነበር ያለችው። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ከአንድ ጀምሮ፣ ቆይልኝ ነበር የምትለው። ለሁለተኛ ጊዜ ሳያነባት ሄደ።

ዞሮ ወደ ላይ ሮጠ። ብረቱን እየጎተተ፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ ወጣ። ከታች መንገዱ ላይ ተሳፋሪ ተሰልፎ ሹፌሩን ይጠብቃል፤ ትዝ አላለውም። «ሃያ ሰባት» አለች። «ሃያ ስምንት» ስትል ድምፅዋ ደከመ፤ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ዝምታ ረዘመ። ስሟን ሊጠራ ቢሞክር ከጉሮሮው የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ሃያ ዘጠኝ፣» አለች። ከዚያ ሠላሳን አላለችም።

በሩ ላይ ለመድረስ አራት እርምጃ ቀርቶት ነበር። ዓይኗን መግለጧን በለቅሶዋ አወቀ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ስታለቅስ ሰምቷት አያውቅም። ገብቶ «አልሄድኩም» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ግን ከሄድክ በዚህ በር አትምጣ ብላዋለች፤ እሱም ሄዶ ነበር።